የከስክስ ጫማ ምልክት

ላሊበላ ውስጥ ወለተ ሐናን የማያውቅ የለም፤ የሚያውቃት ሁሉ ደግሞ ስሟ ሲነሣ ቀድሞ ትዝ የሚለው ጥርጣሬዋ ነው። ጎረቤት እሳት ልትጭር ብትመጣ፣ "የእናንተን እሳት ዛሬ ምን አጠፋው?" ሳትል አታስጭርም። ቅቤ ሻጭ ከላይ ቆንጥራ ብታቀምሳት፣ እሷ ጣቷን እስከ ቅሉ ሥር ሰድዳ ታያለች። ባሏ ቄስ ሀብተ ሥላሴ ግን የዋህ፣ ሳቂታ ሰው ናቸው። "እሷ ለሁለታችን ትጠረጥራለች፤ እኔ ለሁለታችን አምናለሁ" ይላሉ። እንዲህ ተቻችለው ኖሩ እንግዲህ።

ድሮ እንዲህ አልነበረችም፤ ይኼን ደግሞ ልንገራችሁ። በድርቁ ማግስት፣ ብሔራዊ ውትድርና የሚሉት በመጣ ሰሞን፣ ቀበሌው "የወጣቶች ስብሰባ አለ" ብሎ አስለፈፈ። የበኩር ልጇ ጋሻዬ ነገሩ አላማረውም። "አልሄድም እማ፤ ሆዴ ፈራ" አላት። እሷ ናት "ሂድ እንጂ! ስማችንን በክፉ ልታስነሣ ነው?" ብላ፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጋ የላከችው። ከአዳራሹ ጓሮ የጭነት መኪና ቆሞ ኖሯል። ወሬው ሲደርሳት መኪናው የወልድያን መንገድ ይዞ ሄዷል። የቀበሌው ሊቀመንበር ደባሱ፣ ያ ልጅ ሳለ ስንቴ ከማዕዷ ያጎረሰችው የጎረቤት ልጅ፣ "እናት አገር ናት የጠራችው፤ ምን ያስለቅስሻል?" አላት። ከዚያ ወዲህ የጋሻዬ ወሬም አልተሰማ። ወለተ ሐናም ሰው ማመን ተወች፤ የደባሱንም ደጅ ላትረግጥ ማለች።

ታናሹ አዝመራው ዕድሜው ሲደርስ ታዲያ እጇን አጣጥፋ አልጠበቀችም። ሰው "ልጅሽ የት ገባ?" ሲላት "ቅኔ ሊማር ጎጃም ሄዷል" ትላለች። ልጁ ያለው ግን እዚሁ ቅርብ፣ ገነተ ማርያም፣ ታላቅ ወንድሟ ቄስ አረጋ ዘንድ ነው። ከቆሎ ተማሪዎች ጋር ተቀላቅሎ በድቁና ያገለግላል። ይህን የሚያውቁት እሷ፣ ባሏና ወንድሟ ብቻ ናቸው። አብረዋት ለሚኖሩት ለአማቷ ለየኔታ ወርቅአገኘሁ እንኳ አልተነገራቸውም። የኔታ በዘመናቸው ስንት ደብተራ ያወጡ መሪጌታ ነበሩ፤ አሁን ግን ዐይናቸው ፈዟል፣ ነገርም ይጠፋባቸዋል። የሰሙትን ለመጣው ሁሉ ያወራሉ። ምስጢር ነግሯቸው የሚተኛ ሰው የለም።

የዚያን ዓመት ቄስ ሀብተ ሥላሴ ከኅዳር ጽዮን ጀምሮ ደረታቸውን ይዟቸው መደብ ላይ ዋሉ። ጠበሉንም ተጠመቁ፣ ዳማከሴውም ተጨመቀላቸው፤ ሳሉ አልለቅ አለ። ለገና ሳምንት ሲቀረው ሚስታቸውን ጠሯት።

"አዝመራውን አምጪልኝ፤ ጾሙን ከልጄ ጋር ልፍታ።"

"ምን ነካዎት! ከተማው ሁሉ ካድሬ በካድሬ ሆኖ ሳለ?"

"ጋሻዬን እንዳማረኝ ነው የቀረሁት። ይኼኛውንም ሳላየው ልሂድ?"

እኒያ ሳቂታ ሰውዬ ይህን ሲሉ አልሳቁም። ወለተ ሐና ለወንድሟ ላከችበት። የገነተ ማርያም ካህናት ለበዓሉ ሲመጡ አዝመራውም ነጠላውን አጣፍቶ በመካከላቸው ይምጣ፤ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ጾም ሊፈታ ወደየቤቱ ሲበተን፣ ከአጎቱ ጋር ብቅ ብሎ ከአባቱ ጋር ይቅመስና ወዲያው ይመለስ። ምክሩ ይኼ ነበር። እስከዚያ ድረስ እቤቷ ባዕድ ዐይን እንዳይኖር ነው እንግዲህ ጭንቀቷ ሁሉ።

ግን ላሊበላ ነው፣ ገና ነው፤ ያለ እንግዳ የሚዋል መስሏታል? በዋዜማው ምእመኑ ከየአገሩ በእግሩ ይጎርፋል፣ የከተማውም ሰው እየተቀበለ እግሩን አጥቦ ያሳድራል። በቄስ ሀብተ ሥላሴ ቤት ደግሞ እግር የሚያጥቡት የኔታ ናቸው። እርጅና ቢጫናቸውም ይህን ለማንም አይሰጡም፤ እሷ ከማንቆርቆሪያ ታፈስሳለች፣ እሳቸው ገበቴው ላይ ጎንበስ ብለው ያጥባሉ፣ ጨርሰውም ይስማሉ። እያንዳንዱንም "ልጄ ጋሻዬን በመንገድ አላየኸውም?" ብለው ይጠይቃሉ። የጋሻዬ አያት ናቸው፤ ከልጅ አብልጠው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው።

መጀመሪያ የመጡት የሙጃ አሮጊቶች ናቸው። እነሱን ወለተ ሐና አልፈራችም፤ ታጥበው፣ ተመርቀው ደርብ ላይ ወጡ። ቀን ዘቅዘቅ ሲል አንድ ጎልማሳ ከደጅ ቆመ። ቁምጣ ለብሷል፣ ጋቢ ደርቧል፣ በእግሩ ሸራ ጫማ አድርጓል።

"የቄስ ሀብተ ሥላሴ ቤት ይኼ ነው?"

በሉ ስሙ! ተሳላሚ የተከፈተ በር ካገኘ ይገባል እንጂ የማንን ቤት በስም ይጠይቃል? ወለተ ሐና ከበሩ ሳትነቃነቅ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ አየችው።

"ቢሆንስ? አንተ ማነህ?"

"የሻው እባላለሁ እናቴ። አገሬ ወገል ጤና ነው። ለማደሪያ ነው።"

ልትመልሰው አፏን ስትከፍት የኔታ ከውስጥ "እንግዳ ነው? ይግባ እንጂ ልጄ፣ ይግባ!" ብለው ጮኹ። ምን ታድርግ? አስገባችው።

ሰውዬው ጫማውን ሲያወልቅ ዐይኗን አልነቀለችም። ከወገል ጤና በእግሩ የመጣ ሰው ተረከዙ እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጠቃል፤ የዚህ ግን ለስላሳ ነው። ጥፍሮቹ ጠቁረዋል። ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ዙሪያውን ጠጉሩ ተልጦ ቆዳው ያብለጨልጫል። ይህን ምልክት ታውቀዋለች። እኒያ ከወልድያ እየመጡ ስብሰባ የሚጠሩት ሁሉ እግራቸው እንዲህ ነው። ከስክስ ጫማ ነው! ከስክሱን የት አውልቆ ነው ሸራ ያደረገው? ለምን? ውኃው ከማንቆርቆሪያው ወጥቶ የየኔታን እጅ ስቶ መሬት ላይ ፈሰሰ።

"ምነው ልጄ፣ እጅሽ ዛሬ ምን ሆነ?" አሉ የኔታ። ከዚያ ወደ እንግዳው ዞሩ። "ልጄ ጋሻዬን በመንገድ አላየኸውም?"

ሰውዬው አንገቱን ደፋ። "እግዚአብሔር ያውቃል አባቴ" አላቸው። የኔታ እግሩን ሲስሙለት እሱም ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ሳመ፤ ቶሎም አልለቀቀው። ወለተ ሐና በልቧ "አቤት ተንኮል! እንዴት ተምሮታል!" አለች።

ከዚያማ ጥያቄው መጣ። እሷ ለነገው ድፎ ሊጥ ስታበጃጅ እሱ ምድጃው አጠገብ ተቀምጧል።

"ቄሱ ሕመማቸው ከበድ ያለ ነው?"

"እንደምታያቸው ነው።"

"ልባቸውስ እንዴት ነው? ድንገተኛ ነገር ይችላሉ?"

ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ይኼ? "ምን ድንገተኛ ነገር አለና ነው?" አለችው።

"እንዲያው ነው እናቴ። የንስሐ አባታችሁስ ማን ናቸው?"

ሊጡን ትታ ቀና አለች። "ልትናዘዝ አሰብክ?"

ሰውዬው ሊስቅ ሞክሮ ሳቁ ፊቱ ላይ ሳይደርስ ቀረ። "ወንድም አለዎት አይደል፣ ገነተ ማርያም የሚያገለግሉ? ለበዓሉ ይመጡ ይሆን?" አለ።

ከሁሉ ካህን መርጦ አረጋን! "ማን ነገረህ?"

"ሰው ሲያወራ ሰምቼ።" ዐይኑን ሰበረ። መዋሸቱ እንኳ አያውቅበትም።

"ወገል ጤና እናት የለህም? በዓል ሲሆን ሰው እናቱ ዘንድ አይሄድም?"

"አለችኝ። ከዘመትኩ..." ብሎ ቃሉን ዋጠው። "ከሄድኩ አላየኋትም። አስቀድሜ እዚህ የምፈጽመው ስእለት አለብኝ።"

ስእለት! የሰው ወንድም የሚያስጠይቅ ስእለት ደግሞ የት አገር አለ? ወለተ ሐና ከዚህ በኋላ ጥርጣሬዋ ሁሉ ተገጣጠመላት። አዝመራው መኖሩን ሰምተዋል፣ የሚደበቅበትንም ደርሰውበታል፣ የቀራቸው ሲገባ ማነቅ ነው።

ጉዱ ደግሞ ባሏ ሰውዬውን ወደዱት። ሳሉ ሲያጣድፋቸው ብድግ ብሎ ከጀርባቸው ደግፎ ያስቀምጣቸዋል፤ ትራሳቸውን ያቃናል፤ ላባቸውን በገዛ ጋቢው ይጠርጋል። የገና ዋዜማ፣ ገሃድ ነውና ውኃ አልቀምስም ሲሉ "እግዜር ያያል አባቴ፣ ግድ የለም፣ እስኪነጋ ይቆዩ" እያለ ያበረታታቸዋል።

"ደግ ልጅ ነው" አሉ ቄሱ።

"ለእርስዎ ሁሉም ደግ ነው! ጋሻዬን ሲወስዱት ደባሱን 'ደግ ልጅ ነው፣ ይመልስልናል' አላሉኝም?" ብላ በጆሯቸው ተቆጣች። ከዚያ አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ የታመመ ሰው ላይ መጮኋ ከነከናት።

ጎሕ ሲቀድ ከቤተ ማርያም በላይ ያለው ገደል፣ ማሜ ጋራ፣ በነጭ ልብስ ተሸፈነ። ካህናቱ ግማሹ ከላይ ከገደሉ አፍ፣ ግማሹ ከታች ከቤተ ማርያም ቅጽር ሆነው እየተቀባበሉ ያሸበሽባሉ። ቄስ ሀብተ ሥላሴ ከቀሰሱ ወዲህ ከዚያ ቦታ ታጥተው አያውቁም፤ ዘንድሮ ግን ከየኔታ ጋር እቤት ቀርተው፣ ከበሮውን ከሩቅ እየሰሙ እጃቸውን ብርድ ልብሱ ላይ እያነሡ ይጥላሉ። ወለተ ሐና ከሴቶቹ መካከል ቆማ ሽቅብ ስታይ አዝመራውን አየችው። ጸናጽል ይዟል። ቁመቱ ጨምሯል፣ ጺም ቢጤም አቆጥቁጧል። እልል ልትል አማራት! እልልታዋን ሰው ለማን እንደሆነ እንዳያውቅባት ብላ ለጌታ ልደት አስመስላ አቀለጠችው።

ልቧ እንደ ሞቀ ዐይኗን ዝቅ ስታደርግ ከቅጽሩ ጥግ የሻውን አየች። ከሱ ፊት የቆመው ወንድሟ ቄስ አረጋ ነው። የሻው በጆሮው ያንሾካሹካል። አረጋ መጀመሪያ ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ ነጠላውን አፉ ላይ አደረገ፤ ከዚያ ግድግዳውን በእጁ ያዘ። እንዲህ ያለ ጠንካራ ወንድሟ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይታ አታውቅም።

"አስፈራራው! ጨረሰን!" አለች። ወደ እነሱ ብትሄድ ምን ልትል ነው? ቆማ አልጠበቀችም። ሕዝቡን እየገፋች ወጣች፤ ላትረግጠው ወደማለችው ደጅ ሄደች።

ደባሱ ለበዓሉ ነጭ ለብሶ ሊወጣ ነበር። ሲያያት ደነገጠ። "እማማ ወለተ ሐና! ዛሬ ከየት ተገኙ?"

"እቤቴ የማላውቀው ሰው አለ። እግሩ የከስክስ እግር ነው፣ የሚጠይቀው የማይጠየቅ ነው። ነገ 'ደብቃችሁ አሳደራችሁ' እንዳትሉኝ ብዬ ነው።"

ይህን ስትናገር በጭንቅላቷ አስልታዋለች፤ ሰውዬው ከነሱው ወገን ከሆነ በደባሱ ፊት ላይ ታውቅበትና አዝመራውን ከመንገድ ታስቀራለች፣ ካልሆነም ወረቀት ተጠይቆ ይወሰዳል። በዚያም ሆነ በዚህ አዝመራውና ሰውዬው እቤቷ አይገናኙም። ደባሱ ግን ምንም ያወቀ አይመስልም። ደስ ብሎት ጠመንጃ የያዙ ሁለት አብዮት ጥበቃዎች ጠራ።

ሲደርሱ የሻው ቀድሟቸው ተመልሶ ከበሩ ሥር ከየኔታ ጋር ተቀምጦ ጨዋታቸውን ይሰማል። ወረቀት ሲሉት ከብብቱ አውጥቶ ሰጠ። ደባሱ አነበበና ሳቀ። "ወታደር ነህ እንዴ? ፈቃድህ ለወገል ጤና ነው፤ ላሊበላ ምን አመጣህ? ቀኑም አልፏል። አንተ ከድተሃል!"

"ስእለት ነበረብኝ" አለ የሻው። ሌላ ቃል አልጨመረም። የኔታን አየ፣ እሷን አየ።

ወለተ ሐና "ወታደር" ሲባል አንድ ነገር ውስጧን ጫረት። የእውነት ወታደር ከሆነማ፣ ከዚያ ከመጣማ፣ ስለ ጋሻዬ... ጥያቄው ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። ነገር ግን አዝመራው አሁን አሁን ይደርሳል። ይሂድልኝ፣ ቶሎ ይሂድልኝ አለችና ዋጠችው።

እጁን ወደ ኋላ አስረው ሲያስነሡት ወደሷ ዞረ። "እናቴ፣ ዛሬ ደኅና አድርገው ይብሉ። አደራ፣ ዛሬ ይብሉ" አላት። ዛቻ መሰላት። ቀኑን ሙሉ ጆሮዋ ላይ ቀረ።

ወዲያው አረጋና አዝመራው ገቡ። ቄስ ሀብተ ሥላሴ ልጃቸውን ሲያዩ መደባቸው ላይ ተነሥተው ተቀመጡ! ዳሰሱት፣ አለቀሱ፣ ሳቁ። ዶሮው ቀረበ፣ ድፎው ተባረከና ተቆረሰ። ወለተ ሐና ባሏን አጎረሰች፣ ልጇን አጎረሰች፣ ራሷም በላች። ከዚያ በፊት ያን ያህል የበላችበትን ቀን አታስታውስም። አረጋ ብቻ አንድ ጉርሻ ይዞ ያገላብጣል።

"እንግዳው የት ሄደ?" አላት።

"ገላገልኳችሁ!" አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በኩራት። "ምን ብሎ እንዳስፈራራህ አይቻለሁ። ለደባሱ ሰጠሁት።"

የአረጋ ጉርሻ ከእጁ ወደቀ። አንድ ቃል ሳይናገር ብድግ ብሎ ወጣ። ቢመሽም አልተመለሰም፤ አዝመራውንም በሌላ ካህን በኩል አስጠርቶ ወደ ገነተ ማርያም ላከው። ወለተ ሐና "ፈርቶ ነው" ብላ ተኛች።

በማግስቱ ገና ወፍ ሲንጫጫ በሩ ተንኳኳ። ስትከፍት አረጋ ነው፤ ከኋላው የንስሐ አባታቸውና የሰፈሩ ሽማግሌዎች ቆመዋል። ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ልብስ፣ ሰው ለምን እንደሚመጣ የማያውቅ የለም።

"አዝመራው!" ብላ ጮኸች። "አዝመራውን ወሰዱብኝ!"

"አዝመራው ደኅና ነው፣ እኅቴ። ገነተ ማርያም ገብቷል፣ ደኅና ነው።"

"ተመስገን!" አለች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ትንፋሿን ለቀቀች። ከዚያ የወንድሟን ፊት እንደገና አየችው። "ጋሻዬ!" አለች።

ማልቀሷ ጋብ ሲል "ማን ነገረህ?" አለችው። ከለቅሶም በላይ መጠርጠር ለምዶባታል።

"የሻው ነው። አብሮት ዘምቶ ነበር። በእጁ የቀበረው እሱ ነው። የጋሻዬን እናት ሳላይ እናቴ ቤት አልገባም ብሎ የመጣ ሰው ነው። 'ልባቸው ይችል እንደሆነ፣ የንስሐ አባታቸውን፣ ወንድማቸውን ልጠይቅና በወጉ ይነገራቸው' ብሎ ነው ያን ሁሉ የጠየቀሽ። 'በበዓል አይሆንም፤ ጾማቸውን ይፍቱ፣ ይብሉ' ብሎ የለመነኝም እሱ ነው።"

"የት ነው የቀበረው? እንዴት ሆኖ ሞተ? ምን አለ?"

አረጋ መሬት መሬት አየ። "ጠይቄው ነበር። 'ጋሻዬ የመጨረሻ ቃሉን ለእናቴ ንገርልኝ ብሎ ነው አደራ ያለኝ፤ ከሳቸው በፊት ለማንም አላወጣውም' አለኝ። ለዛሬ ጠዋት ነበር የተቃጠርነው። ትናንት ከደባሱ እግር ሥር ብወድቅም ለበዓሉ በመጣው መኪና ወደ ወልድያ ልኮታል።"

ወለተ ሐና ነጠላዋን ሳትይዝ እየሮጠች ደባሱ ደጅ ሄደች። "የት ወሰዳችሁት? ልጄ ነው! የልጄ ነው!" ደባሱ "አላውቀውም ብለው አልነበር?" አላት። ወልድያ ድረስ ሰው ላከች፤ አየሁ የሚል ጠፋ።

ለቅሶው ሳይሟሟቅ ቀረ፤ እውነቱን መናገር ነው። በላስታ እናት ስታለቅስ የልጇን አሟሟት እየዘረዘረች ነው፤ ሰውም ያን ተቀብሎ ያለቅሳል። አልቃሾቹ ዙሪያዋን ከብበው ቃሏን ጠበቁ። የት ተራራ እንደወደቀ፣ በምን እንደተመታ፣ ማንን እንደጠራ አታውቅም። "ጋሻዬ፣ ጋሻዬ" ብላ ስሙን ብቻ ስትደጋግም ዋለች። ለየኔታ የጎረቤት ለቅሶ ነው አሏቸው። እሳቸውም ሊያስተዛዝን ለመጣው ሁሉ "ልጄ ጋሻዬን በመንገድ አላየኸውም?" ይሉታል። ይሞታሉ የተባሉት ቄስ ሀብተ ሥላሴ ደግሞ ለጥምቀት ተነሡ፤ ተነሥተውም አልሳቁም።

ጥምቀት እንዳለፈ ወለተ ሐና ስንቋን ቋጥራ ወገል ጤና ሄደች። እየጠየቀች የየሻውን እናት ቤት አገኘች። ሴትዮዋ ከሷ ብዙም የማትበልጥ፣ ጎንበስ ያለች ሴት ናት። ከየት እንደመጣች እንኳ ሳትጠይቅ አስገባቻት፣ በርጩማ ሰጠቻት፣ ገበቴ አቀረበችና እግሯን ልታጥብላት ተንበረከከች። ወለተ ሐና ልትከለክላት ብትሞክርም አልሰማቻትም።

ወለተ ሐና "ከላሊበላ ነው የመጣሁት" ስትላት፣ "ተባርከሻል" አለች ሴትዮዋ፣ ተረከዟን እያሸች። "ለገና ስንቱ ሰው እዚያ ይገናኛል። የሻው የሚባል ልጅ አለኝ፣ ከዘመተ አላየሁትም። ያየው ሰው አላጋጠመሽም?"

ወለተ ሐና በመንገድ ስታጠናው የመጣችው ቃል ሁሉ ጠፋባት። ዐይኗን ሰበረች።

"እግዚአብሔር ያውቃል እናቴ" አለች።

የሴትዮዋ እጅ ውኃው ውስጥ ቆመ። ቀስ ብላ ቀና አለችና ፊቷን ትክ ብላ አየቻት።

"አንቺ ማነሽ?" አለቻት።